የጥቅምት ዱባ

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ከጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስዱት የእግር መንገዶች ላይ ዱባ የጫኑ አህዮች ይታያሉ። ገበያ ከደረሱ በኋላ ግን ዱባ ክብር ያለው ቦታ አይሰጠውም። እህሉ በእህል ተራ፣ በርበሬው በበርበሬ ተራ ሲሰየም እሱ ዳር ይዞ፣ በተዘረጋ ማዳበሪያ ላይ ወይም በደረቁ መሬት ላይ ይደረደራል። መልኩም አንድ አይደለም። አመድማ አለ፣ አረንጓዴ ላይ ነጭ የተረጨበት አለ፣ ከላይ እስከ ታች ሸንተረር የወጣለት አለ፤ መሬት ላይ ተኝቶ የከረመበት ጎኑ ሁልጊዜ ገርጣ ያለ ነው።

ሸማቿ ጎንበስ ብላ በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች። ቀጥላም የአውራ ጣቷን ጥፍር ልጣጩ ላይ ትጫናለች፤ ጥፍሩ ከገባ ዱባው እንጭጭ ነው፣ ካልገባ በስሏል። ጉቶውንም ታያለች፤ ደርቆ ከጠነከረ ሐረጉ ላይ ጊዜውን ጨርሶ የተቆረጠ ነው። ‹‹እትዬ፣ ዱቄታም ነው ወይስ ውሃማ?›› ስትል ሻጯ ‹‹ኧረ ዱቄት ነው!›› ትላለች። ሌላ መልስ የሰጠች ዱባ ሻጭ እስካሁን አልገጠመችኝም። ዋጋ ሲጠራ የሚሰማው ነገር ደግሞ በየገበያው አንድ ነው፦ ‹‹ዱባ ላይ ደሞ እንዲህ!›› በቅቤና በዶሮ ዋጋ የሚማረር ሰው ‹‹ተወደደ›› ይላል እንጂ እንዲህ አይልም። ዱባ ሲሆን ግን ዋጋ መጥራቱ ራሱ ድፍረት ሆኖ ይቆጠራል።

ይህን ንቀት ያዙልኝ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እሱ ነው።

በዚያው ሰሞን፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31፣ በእኛ ጥቅምት 21 ቀን (ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት ዓመት 20 ቀን)፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የሚኖር የጎጃም ልጅ በሩን ከፍቶ ሲወጣ የጎረቤቶቹ ደጃፍ በሙሉ ዱባ ነው። ዓይንና ጥርስ ተቀርጾለታል፣ ሆዱ ተፈልፍሎ ሻማ በርቶበታል። ሃሎዊን ነው። ልማዱ ከአየርላንድ የመጣ ሲሆን አየርላንዶች በአገራቸው ይቀርጹ የነበረው ተርኒፕ የሚባለውን ሥራ ሥር ነበር። ተሰድደው አሜሪካ ሲገቡ ዱባን አገኙ፤ ትልቅ ነው፣ ለመፈልፈልም አያስቸግርም። በማግስቱ ሻማው ይጠፋል፤ ሳምንት ሳይሞላ ዱባው ሻግቶ አፉ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል፣ ከዚያም የቆሻሻ መኪና ይወስደዋል። አሜሪካ በዓመት ከ4 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ዱባ ታመርታለች፤ ከዚህ ብዙው አንድ ሌሊት ደጃፍ ላይ ለመቀመጥ የተመረተ ነው። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን ይወጣዋል፤ ሚቴን ደግሞ በመቶ ዓመት ስሌት ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ይከፋል።

ለምን አይበሉትም? ብሎ መጠየቅ ለእኛ ይቀለናል። መልሱ ግማሹ ዘሩ ውስጥ ነው። ለሃሎዊን የሚሸጠው ትልቁ ብርቱካናማ ዱባ ለመልኩ ሲባል የተመረጠ ነው። ከዝርያዎቹ በጣም የታወቀው ሃውደን ይባላል፤ ያወጣውም ጆን ሃውደን የተባለ የማሳቹሴትስ ገበሬ ነው። ጉቶው ጠንካራ፣ ቅርጹ ክብ፣ ሥጋው ግን ውሃ የበዛበትና ጣዕሙ የሳሳ ነው። አሜሪካኖች ራሳቸው ለሚበሉት ጣፋጭ የሚጠቀሙበት ሌላ ነው፤ ኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ሞርተን ከተማ አካባቢ ተመርቶ በጣሳ የሚታሸገው ዱባ ቆዳው የገረጣ፣ ለገበያው በተርነት ስኳሽ የቅርብ ዘመድ የሆነ ዝርያ ነው። እዚያ ያለች እናት የአገሯን ዱቄታም ዱባ ከፈለገች በተርነት ወይም ካቦቻ የሚባለውን ብትገዛ ይሻላታል።

ይሁንና ደጃፍ ላይ የቆመው ሁሉ ቀለም የተቀባና የተቀረጸ አይደለም። ሙሉውን፣ ሳይነካ ለጌጥ ብቻ ያስቀመጠ ብዙ ነው። ሱቆችም ከኦክቶበር 31 በኋላ ያልተሸጠውን ዋጋ ጥለው ያወጡታል። እዚህ ላይ የእኛ የዘመን አቆጣጠር ለዱባ ያዳላል። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው፤ ከሃሎዊን ማግስት ሦስት ሳምንት ተኩል እንኳ አይሞላም። ያልተቆረጠ ዱባ በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ስለዚህ ፈረንጁ በዓሌ አለፈ ብሎ በርካሽ የሚሸጠው ዱባ ለሐበሻው ጾም ገና በመንገድ ላይ ያለ አስቤዛ ነው። ውሃማ ቢሆንም ወጥ ውስጥ ይገባል፤ ውሃ አይጨመርበት፣ በራሱ ውሃ ይብሰል፣ ቁሌቱም ጠንከር ይበል።

የተቀረጸው ግን ለሰው አይሆንም። ከተቆረጠ በኋላ ውጭ ያደረ ዱባ ሻጋታና ባክቴሪያ የሚፈላበት ነገር ነው። እሱን ሻማውንና የቀረ ፍሬ ካለም አውጥቶ ቆራርጦ አፈር ውስጥ መቅበር ወይም ከብስባሽ ጋር መቀላቀል ነው። ፍሬውን ደግሞ በዕለቱ፣ ሲፈለፈል፣ አጥቦ ማድረቅ ይቻላል። ፖርትላንድ ከተማ ያለው የኦሪገን የእንስሳት ማቆያ በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ለዝሆኖቹ ግዙፍ ዱባዎች ያቀርባል፤ ዝሆኖቹ በእግራቸው ረግጠው አፍርጠው ይበሏቸዋል፣ ሕዝብም ተሰብስቦ ያያል። ደግ ሥራ ነው። ዝሆን ያለው ሰፈር ግን ጥቂት ነው።

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል፤ በዘርም ለየቅል ናቸው። ቅል አፍሪካዊ ነው። ዱባ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ ኦአሃካ በሚባለው ግዛት ባለ ዋሻ የተገኙ የዱባ ፍሬዎች ሰው ማልማት የጀመረው ከዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ መስክረዋል። ከቡሬ እስከ ሊበን ያለውን የገበሬ ጓሮ ልብ ብሎ ያየ ሰው የሚገርመው ይህ ነው፦ በቆሎው፣ በርበሬው፣ ድንቹ፣ ዱባው አራቱም ከዚያው ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው። ቡሬን በገበያ ያስጠሯት በቆሎና በርበሬ እንግድነታቸው ተረስቶ ባለአገር ሆነዋል። ዱባ በበቆሎ ሥር መዘራቱም የጎጃም ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች በቆሎን፣ አደንጓሬንና ዱባን ሦስት እህትማማቾች እያሉ በአንድ ጉብታ ላይ ሲዘሩ ኖረዋል። አደንጓሬው በቆሎው ላይ ይጠመጠማል፣ የዱባው ሰፊ ቅጠል መሬቱን ሸፍኖ አረም ያፍናል፣ እርጥበትም ይይዛል። የጓሮ በቆሎ ሥር ዱባ የምትዘራ የጃቢ ጠህናን ሴት ያንኑ ሥራ እየሠራች ነው።

ብዙ ጊዜ ግን ዱባ በቆሎ ሥር እንኳ ቦታ አያገኝም። የሚወለደው ጉድፍ ላይ ነው። በግንቦት ዝናብ ጠብ ሲል፣ አመድና ፍግ በሚጣልበት ጥግ፣ ማንም ሳይዘራው ሁለት ወፍራም ቅጠል ብቅ ይላል፤ ዓምና ከታጠበ ዱባ ውስጥ ያመለጠ ፍሬ ነው። ሐረጉ አጥሩን ይወጣል፣ ከአጥሩ ወደ ጎጆው ክዳን ይሻገራል። መጀመሪያ የሚፈኩት አበቦች ወንዴ ስለሆኑ ረግፈው ይቀራሉ፤ አዲስ ገበሬ ‹‹ዘንድሮ ዱባዬ አላፈራም›› ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው ያኔ ነው። ሴቴዋ አበባ ዘግይታ ትመጣለች፣ ከሥሯም ገና ከመነሻው የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዱባ ይዛ ነው። ጠዋት ተከፍታ ፀሐይ ሲከር ትከደናለች። ንብ በዚያች ሰዓት ካልጎበኘቻት ዱባይቱ ቢጫ ሆና ትወድቃለች። በበቆሎ ላይ የተባይ መድኃኒት ጠዋት ጠዋት የሚረጭ ገበሬ ሚስቱ ዱባ አላፈራም ብትለው ምክንያቱን ሩቅ መፈለግ የለበትም። ከዚያ የተረፈውን ደግሞ ጃርት ይፈልገዋል፤ ሌሊት መጥቶ ከአንዱም ከአንዱም ገመጥ ገመጥ አድርጎ ይሄዳል እንጂ አንዱን አይጨርስም።

ዱባው ቤት ከገባ በኋላ ያለው ጥበብ የሴቶች ነው። አንድ ትልቅ ዱባ አንድ ቤተሰብ በአንድ ቀን አይጨርሰውም፤ ስለዚህ ገና ቢላዋው ሳይገባ ክፍፍሉ ታስቧል። አንዱ ቁራጭ ለጎረቤት ይሄዳል፤ ነገ የእሷ ሲቆረጥ ይመለሳል። ሁለት ጎረቤታሞች ዱባቸውን በተለያየ ሳምንት ከቆረጡ የማንም ቁራጭ አያድርም፣ አይሻግትም። ፍሪጅ የሌለው ሰፈር ፍሪጅ ይህ ነው፣ በሲልቨር ስፕሪንግም የአፓርታማ ጎረቤቶች ቢሞክሩት አይከፋም።

ከተረፈው ላይ እኩሌታው ለቅቅል ነው። ልጣጩ ሳይነሳ ተቆርጦ፣ ድስቱ ሥር ትንሽ ውሃ ተደርጎ፣ ክዳኑ ተጠብቆ በእንፋሎት ይበስላል። ውሃ የበዛበት ቅቅል ጣዕሙን ለውሃው ሰጥቶ ይቀራል። ደረቅ ያለው ዱባ በጨው፣ ወይም በዳጣ፣ ለቡና ቁርስ ይቀርባል። እኛ ቤት እንደዚያ ነበር፤ ልጆቹ ሥጋውን በልተን ልጣጩን በሰፌዱ ጠርዝ ላይ እናኖራለን፣ ከዚያ በአተላ ተደባልቆ ላሚቱ ጋ ይሄዳል። ረመጥ ውስጥ የተቀበረ ቁራጭ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ዳር ዳሩ ጠቁሮ ውስጡ እንደ ማር የሚጣፍጠውን ያልቀመሰ ዱባ ጣዕም የለውም ቢል አይፈረድበትም።

ወጡ ሌላ ሥራ ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይቁላላል፣ ከዚያ ዘይትና በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፤ ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ በኋላ ዱባው በመካከለኛ ቁራጭ ይገባል። ማማሰል አይበዛም፣ ይፈርሳል። በአልጫ የሚወዱት በእርድ ይሠሩታል። ለጠዋት የተረፈው ወጥ በእንጀራ ተፈትፍቶ ይበላል፤ ቅቅሉ ከተረፈ ደግሞ ተደፍጥጦ ከስንዴ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ጋር ሲቦካ ዳቦው ለስላሳ ይሆናል፣ ስኳርም አይፈልግም። የጽጌ ጾም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፤ የፈቃድ ጾም ቢሆንም ለሚጾመው ሰው ልክ በዱባ ወራት ላይ ያርፋል።

ፍሬው የራሱ ባለቤት አለው። ከሚያጣብቀው ክር ተለይቶ በውሃ ይታጠባል፣ ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይመታዋል። ግማሹ በጨው ውሃ ተረጭቶ ምጣድ ላይ ይቆላል። ከተፈለፈለ የዱባ ፍሬ 100 ግራም ውስጥ 30 ግራም ያህሉ ፕሮቲን፣ ከ45 ግራም በላይ ቅባት ነው፤ ዚንክና ማግኒዚየምም ሞልቶበታል። በጾም ወራት እንዲህ ያለ ነገር ከምሥርና ከሽምብራ ጋር እኩል መቀመጥ ሲገባው ለመንገድ ላይ ቆሎነት ብቻ ተትቷል። እንደ ሱፍ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ ተጠልሎ ፍትፍት ቢሆን ማን ከለከለው? ጥሬውን ልጦ በባዶ ሆድ ለኮሶ መብላትም የቆየ ልማድ ነው፤ ፍሬው ውስጥ ኩኩርቢቲን የሚባል ንጥረ ነገር ትሉን ያደነዝዘዋል። ኮሶ የያዘው ሰው ዛሬ ጤና ጣቢያ ቢሄድ የተመጠነና የተፈተነ መድኃኒት ስለሚያገኝ እሱን እመክራለሁ። ከፍሬው የቀረው ለዘር ነው። ከጣፈጠው፣ ሥጋው ከወፈረው ዱባ ተመርጦ ይደርቃል፣ በቅል ተደርጎ ጭስ በሚደርስበት ቦታ ይሰቀላል፤ ነቀዝም እርጥበትም እዚያ አይደፍሩትም።

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ ሰው ጎጃም ዱባ አያባክንም ብሎ ሊደመድም ይችላል። እውነቱ እንደዚያ አይደለም።

በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም የ2024 ሪፖርት መሠረት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ጥላለች፤ ሸማች ዘንድ ከደረሰው 19 በመቶው ማለት ነው፣ ከተጣለውም 60 በመቶው ከመኖሪያ ቤት የወጣ ነው። በእኛ ገጠር ከቤት የሚጣል ዱባ የለም ማለት ይቻላል። የሚጠፋው ቀድሞ ነው፦ ሳይበስል ተቆርጦ፣ ጉቶው ተሰብሮ፣ አህያ ላይ ተጋጭቶ፣ እርጥብ መሬት ላይ ተከምሮ። የሁሉም ጓሮ በአንድ ወር ስለሚደርስ ጥቅምት ላይ ዋጋው ይወድቃል፤ ያኔ ‹‹ዱባ ላይ ደሞ እንዲህ!›› የሚለው ድምፅ ይበረታል፣ ሻጭም ይዛው ከመመለስ ባገኘችው ዋጋ ትሰጣለች። ርካሽ ነገርን ማንም ተጠንቅቆ አይዘውም።

ከዚህ የከፋው ግን ወደ አፍ ሳይገባ የሚቀረው ነው። ምዕራብ ጎጃም ትርፍ አምራች ይባላል፤ በቆሎው ከክልሉ ወጥቶ ሌላውን ይቀልባል። የ2016 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶዎቹ በዕድሜያቸው ልክ ቁመት ያላገኙ፣ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ መቀንጨርን እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ለማጥፋት የተነሳው ይህን የመሰለ ቁጥር ይዞ ነው። መቀንጨር ብዙ ምክንያት አለው፣ ንጹሕ ውሃም የእናት ጤናም አለበት፣ ዱባ ብቻውን አይፈውሰውም። ነገር ግን ጎተራ ሙሉ በቆሎ ያለበት ቤት ሕፃን የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ ሆድ መሙያው ሳይሆን ዓይነቱ ነው። ሥጋው የጠቆረ ብርቱካናማ የሆነ ዱባ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ቤታ ካሮቲን አለበት። ስድስት ወር ለሞላው ልጅ ተቀቅሎ ይደፈጠጣል፣ ትንሽ ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ ይደረግበታል፤ ያለ ቅባት አንጀት ቤታ ካሮቲኑን በደንብ አይወስደውምና። ትንሽ የተወቀጠ ፍሬ ከተጨመረ ደግሞ ፕሮቲኑም መጣ። የዚህ ሁሉ ወጪ ጓሮው ውስጥ ነው። ይሁንና ብዙ እናት ገንዘብ ሲገኝ ለልጇ የምትገዛው ብስኩት ነው፤ ዱባ የቸገረው ሰው ምግብ ተደርጎ ስለሚታይ። ነሐሴና ጳጉሜን ላይ፣ የዓምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ሳይደርስ፣ ድንችና ለጋ ዱባ ስንቱን ቤት እንደሚያሻግሩ ሁሉም ያውቃል። ውለታው ነው ያዋረደው። እንግዳ ሲመጣ የዱባ ወጥ ወደ ጓዳ ይገባል፣ ሽሮ እንኳ በኩራት ይቀርባል።

ጥቅምት ላይ በርካሽ የሚሄደውን ዱባ እስከ ገና ማቆየት ከባድ ጥበብ አይደለም። ጉቶው የአንድ ጣት ርዝመት ያህል ተትቶ በቢላዋ ይቆረጥ እንጂ አይገነጠል፤ ሲሸከሙትም በጉቶው አይንጠልጠል። ጉቶው የወለቀበት ቀዳዳ የበሽታ በር ነው። ከተቆረጠ በኋላ አሥር ቀን ያህል ደረቅና ሞቃት ቦታ ላይ፣ አየር እያገኘ ይሰንብት፤ ልጣጩ ይጠነክራል፣ ጭረቱም ይሽራል። የጥቅምት ፀሐይ ለዚህ የተሠራች ናት፣ ማታ ማታ ግን ከጤዛ ማስገባት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመቸው ሙቀት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የጥቅምትና የኅዳር ቤት ውስጥ አየር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ደጋ ዳሞት ላይ፣ ፈረስ ቤት አካባቢ ላለ ሰው ግን ብርዱ ጠላቱ ነው፤ ከ10 ዲግሪ በታች የከረመ ዱባ ከውስጥ መበስበስ ይጀምራል፣ ስለዚህ ከምድጃው ብዙ ሳይርቅ ቆጥ ላይ ይሁን። የትም ቢሆን መሬት አይንካ፣ ሥሩ ጭድ ወይም እንጨት ይነጠፍለት፣ አንዱ በአንዱ ላይ አይከመር። በየሳምንቱ እየተገላበጠ ይታይ። የለሰለሰ ከተገኘ እሱ ዛሬ ይቀቀላል፣ የቀሩት ይጠብቃሉ።

በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ይህ መጠበቅ ዋጋ አለው። ክልሉ ውስጥ በሚካሄደው ውጊያ መንገድ በድንገት ሲዘጋ ቲማቲምና ጎመን የያዘ ነጋዴ ባዶ እጁን ይቀራል። በወጉ የተቀመጠ ዱባ ግን መንገድ እስኪከፈት ይቆያል፤ መንገዱ ባይከፈትም ቤት ውስጥ ምግብ ነው።

የተጎዳውን ወይም የተሰነጠቀውን ማቆየት ባይቻልም ማድረቅ ይቻላል። በአሜሪካ የሰሜን ዳኮታ ነባር ሕዝብ የሆኑት የሒዳትሳ ሴቶች ዱባቸውን በቀጭኑ ቆርጠው በእንጨት ዘንግ ላይ ሰክተው ለክረምት ያደርቁ እንደነበር በ1917 (እ.ኤ.አ.) የታተመ መጽሐፍ ከራሳቸው አንደበት አስፍሯል። ቋንጣ ማድረቅ የሚያውቅ ቤት ይህን ለመልመድ ትምህርት ቤት አያሻውም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ፀሐዩም ነፋሱም ደረቅ ነው። በቀጭኑ የተቆረጠው በገመድ ተሰትሮ፣ ዝንብ እንዳይነካው በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ሲሰነብት ይኮማተራል፤ ሲታጠፍ የሚሰበር ከሆነ ደርቋል። ወጥ ውስጥ ሲገባ ይለሰልሳል፣ ከተፈጨም ለልጆች ገንፎ ይሆናል። አሜሪካ ያለች እህት ደግሞ ቀቅላ ደፍጥጣ ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጥ። ቤት ውስጥ በጠርሙስ ማሸግ ግን አይሞከር፤ ዱባ አሲዱ አነስተኛ ስለሆነ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ በሽታ የሚያስከትል መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ይመቸዋል።

ይህን ሁሉ ስናወራ ‹‹ለምን ፋብሪካ አይከፈትም?›› የሚል አይጠፋም። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ አለ፤ በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረ ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካም አለ። ኦስትሪያ ውስጥ ሽታየርማርክ የሚባለው አውራጃ ከዱባ ፍሬ በሚጨመቅ ጥቁር አረንጓዴ ዘይት የታወቀ ነው፤ ዘይቱም ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአውሮፓ ሕብረት በአካባቢ ስም ጥበቃ ተመዝግቧል። እዚያ የሚዘሩት ፍሬው ቅርፊት የሌለውን የተለየ ዝርያ ነው፣ ለአንድ ሊትርም ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ ፍሬ ይፈጃል። ደስ ይላል። ግን ዱባን በኩንታል የሚሸጥ ገበሬ በሌለበት፣ በየጓሮው አሥርና አሥራ አምስት ዱባ ባለበት አገር፣ መጀመሪያ ቆጡ ይስተካከል። ፋብሪካ ሲመጣ ደግሞ ፍሬውን ወስዶ ሥጋውን እንዳይጥል ከአሁኑ ማሰብ ነው፤ ለፍሬ ብቻ ተብሎ በሚለማ ማሳ ላይ ሥጋው እዚያው እርሻው ውስጥ ተትቶ መቅረቱ የተለመደ ነውና።

አንድ ነገር ይቀራል፣ እሱም የማስጠንቀቂያ ነው። ጉድፍ ላይ በራሱ የበቀለ ወይም ለጌጥ ከሚዘራ የዱባ ዝርያ ጋር የተዳቀለ ዱባ አንዳንዴ መራራ ሆኖ ይወጣል። ኩኩርቢታሲን የሚባል መርዝ ነው፤ ቢቀቀልም ቢቁላላም አይጠፋም፣ ሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥና ትውከት ያስከትላል። ስለዚህ ዱባ ሲቆረጥ ወጥ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጥፍር የምታህል ጥሬ ቁራጭ በምላስ ጫፍ ትቀመስ። ከመረረች ትተፋ፣ ዱባውም በሙሉ ይጣል፤ ለላሚቱም አይሰጥ፣ ፍሬውም ለዘር አይቀመጥ።